ትሩፋት የነቀሰቻቸው አፎች

የመጀመሪያው ክረምት ክፉ ነበር። ሰው ከወሎ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተጭኖ አሶሳ ዙሪያ ከሰፈረ ዓመት አልሞላውም። ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ማሽላው በአረም ተዋጠ፤ የሚያርም ግን አልነበረም፤ ወባ በየጎጆው ገብታ ሰዉን አስተኝታዋለች። በሬዎቹ በገንዲ በሽታ አለቁ። ራሽን በሳምንት ይመጣል ሲባል በወር ይመጣል፤ የመጣውም ነቅዟል። በሰኔ ሕፃናት ሞቱ፣ በሐምሌ ሽማግሌዎች፣ በነሐሴ ጎልማሶች። ለቅሶ መቀመጥ ቀረ። ቀባሪ ታጣ።

የትሩፋት ባል ደባልቄ የሞተው በዚያ ነሐሴ ነው። ጎረቤት ሁሉ ተኝቷል። ከተኙት ግማሾቹ መነሳት እየቻሉ የተኙ ነበሩ፤ ትሩፋት ማን ማን እንደነበሩ አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ከነትኩሳቷ ዶማ አነሳችና መቆፈር ጀመረች፤ ጉድጓዱ ቁርጭምጭሚቷን ሳያልፍ ጉልበቷ ከዳት። ወደ እርሻው የሚያልፍ አንድ የአገሬው ተወላጅ፣ የበርታ ሰው፣ ቆሞ አያት። ያኔ አማርኛ አያውቅም። ዶማውን ከእጇ ወሰደ፣ እስከ ደረቱ ቆፈረ፣ ደባልቄን አዝሎ አምጥቶ ቀበረው፣ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ደረደረበት፣ ሄደ። ስሙ ባቢከር መሆኑን እንኳ የሰማችው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው።

ትሩፋት ለሰው አንገቷን ደፍታ የማታውቅ ሴት ነች። ዕዳው እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተቀረቀረ። በአገሯ ወግ ለቀባሪ ገንዘብ አይሰጥም፤ ነውር ነው። የሚመለሰው በቀብር ነው። የእሱ ቤት ያዘነ ቀን ትሄዳለህ፣ ውሃ ትቀዳለህ፣ እህል ታስፈጫለህ፣ አስከሬን ትሸኛለህ። ስለዚህ ትሩፋት ከባቢከር ቤት ሰው እስኪሞት ጠበቀች። ዓመት ጠበቀች። ሌላም ዓመት ጨመረች። መንግሥት ተለወጠ፣ ከሰፋሪው ብዙው ወደ አገሩ ተመለሰ፣ አሶሳ የክልል ዋና ከተማ ተባለች፤ በባቢከር ቤት ግን የሚሞት ጠፋ። እናቱ እንኳ፣ ያኔ ጎብጣ በበትር የምትሄደው አሮጊት፣ ጉንፋን ሳይዛት በየገበያው ትታያለች። ትሩፋት ባየቻት ቁጥር ትናደድ ነበር።

በስጦታ ልትገላገለው ሞከረች። ቁና ጤፍ ላከችለት፤ ሁለት ቁና ማሽላ መለሰ። ዶሮ ላከችለት፤ ግልገል ፍየል መጣ። የፍየሉን ገመድ ይዛ ደጇ ላይ ቆማ፣ ይህ ሰው በደግነት ሊገድለኝ ነው አለች። ከዚያ ተወችው።

ሥራዋ ድድ መንቀስ ነው። መርፌዎቿን በክር አጥብቃ ታስራለች፣ የኩራዝ ጥላሸት ትለውሳለች፣ የልጅቷን ራስ ጭኗ መሐል ታስገባና ድዱ እስኪጠቁር ትወጋለች። በሰፈራ አምባዎቹ ካለች ሴት አብዛኛዋ ከሠርጓ በፊት በትሩፋት ጭን መሐል ያለፈች ናት። ሰው ፊቱን ይታጠባል፣ ልብሱን ይቀይራል፣ ውሸቱን ያሳምራል፤ አፉን ከፍቶ ግን ለማንም አያሳይም። ለትሩፋት ያሳያል። ከዚያ ወዲያ ያንን ሰው ማክበር ያስቸግራታል።

አዲሱ ክልል ወንበሩ ብዙ፣ ሥራው ጥቂት ነበር። ከወንበሮቹ አንዱ ላይ የተቀመጠ፣ ጫማው ገና ጭቃ ያልነካው ሰውዬ አምባው ድረስ መጥቶ ሕዝቡን ዛፍ ሥር ሰበሰበና ድድ መነቀስ ጎጂ ልማድ ነው፣ በሕግ ያስጠይቃል አለ። ትሩፋት ከፊት ተቀምጣ አፉን ታይ ነበር። የታችኛው ጥርሱ እስከ ሥሩ በልዟል። ሌላ ነገር አልሰማችም። በሳምንቱ የገዛ እህቱ ልትነቀስ መጣች፤ ወንድሟ እንዳይሰማ አደራ አለቻት። ትሩፋት አልተናገረችም። ነቃሽ ያየችውን አታወራም። እናቷም አላወራችም፣ አያቷም አላወራችም። በዓለም ላይ የምታከብረው ሕግ ቢኖር ይኸው አንዱ ነበር።

ባቢከር ልጁን በኺታን ይዞ የመጣው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። ሰውዬው አርጅቷል፤ አማርኛም ለምዷል፤ ለወንድም ለሴትም አንድ ዓይነት አድርጎ ይናገረዋል እንጂ።

"ትሩፋት፣ አንተ ድድ ታውቃለህ" አለ። "የኔ ልጅ አፉን እይ።"

በኺታ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች፣ አማርኛዋ ከትሩፋት የጠራ ልጅ ነች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። አንድ ጊዜ እሳት ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጥሏል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አልወደቀችም። ሸርቆሌ ከስደተኞቹ መጠለያ አጠገብ ያለ ክሊኒክ ለአገሬውም መድኃኒት ይሰጣል ሲባል አባቷ በሚኒባስ ወስዶ ኪኒን አስጀምሯታል። መውደቋ በቆመ በጥቂት ወር ድዷ ማደግ ጀመረ።

ሻሿን ከአፏ ላይ አነሳች። ትሩፋት ብዙ አፍ አይታለች፤ እንዲህ ያለ አላየችም። ድዱ በጥርስና በጥርስ መካከል እንደ ሽምብራ እየቋጠረ ወርዶ የፊት ጥርሶቿን ከግማሽ በላይ ውጧቸዋል። ሲነኩት ይደማል። ልጅቷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች አፏን ከፍታ ቆየች፤ መታየት የሰለቸው ሰው አከፋፈት ነበር።

ባቢከር፣ ንቅሳት የላላ ድድ ያጠብቃል ሲባል ሰምቷል። ለሰው ሁሉ እንዲያ የምትለው ትሩፋት ራሷ ናት። ይህን አላውቀውም፣ የኔ ሥራ አይደለም ማለት ነበረባት። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ይህ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ሲሰጣት እንጂ ሲጠይቃት አይታው አታውቅም። ገና አሁን አንድ ነገር ጠየቃት። መርፌዎቿን አወጣች።

ደሙ ብዙ ነበር። ልጅቷ አላለቀሰችም። ሲያልቅ፣ ባቢከር ገና ደጅ ሳለ፣ ትሩፋት ለተነቀሰች ሁሉ የምታዘውን አዘዘቻት። ቁስሉ እስኪደርቅ ከወተትና ከቀጭን አጥሚት በቀር ወደ አፍ የሚገባ ነገር የለም፤ ጨው የለም፣ በርበሬ የለም፣ ኪኒን የለም። ኪኒኑን የጨመረችው በፊት አንዲት ሙሽራ የወባ መድኃኒት በዋጠች ማግስት ከንፈሯ ስላበጠ ነው።

"ሐኪሙ አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ ብሎኛል" አለች በኺታ።

"ሐኪሙ ድድ ነቅሶ ያውቃል?"

ልጅቷ ዝም አለች። ያልተዋጠላት ሰው ዝምታ አልነበረም። ትሩፋት ይህን ልብ ብላለች፤ ትርጉሙ የገባት ግን ኋላ ነው።

በኺታ የወደቀችው ሳምንት ሳይሞላ ከውሃው ፓምፕ አጠገብ ነው። ትሩፋት ስትደርስ ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል። አንዱ ክብሪት እየጫረ ጭሱን ከሩቅ ወደ እሷ ያራግባል። አንዷ ጀሪካኗን ታቅፋ ወደኋላ ወደኋላ ትላለች። የሚነካት የለም፤ አረፋው ይጋባል ይላሉ። ልጅቷ ጭንቅላቷን ከሲሚንቶው ጋር ታጋጫለች፤ እነሱ ያያሉ። ትሩፋት ክቡን በክርኗ ገፍታ ገባች፣ ነጠላዋን አጥፋ ከጭንቅላቷ ሥር አደረገች፣ መንፈራገጡ ሲበርድላት በጎኗ አስተኛቻት። አረፋው ቀይ ነበር። የነቀሰችው ድድ ደም ነው።

ባለጀሪካኗ እንዳይጋባብሽ ብላ መከረቻት። ትሩፋት ቀና ብላ፣ እኔስ የምፈራው ካንቺ የሚጋባብኝን ነው አለቻት።

በማግስቱ ደገማት። በሦስተኛው ቀን ምድጃ አጠገብ ወድቃ እናቷ ጎትታ አወጣቻት። ባቢከር ኪኒኑን ጠላው። ድድ አበላሸ፣ መውደቁንም አላስቀረ፣ እንግዲህ ለምን ይዋጣል አለ። የቀረውን ወንዝ ሊጥለው፣ ልጁንም ቁርአን እንዲቀራላት ወደ አንድ ሼኽ ሊወስዳት አሰበ። በኺታ ማቋረጧን ለአባቷ አልነገረችም። ትሩፋት ይህን ከሰው ሰማች። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ተነስታ ሄደች።

ይቅርታ የሚሉትን ነገር ትሩፋት አትችልበትም። ደጁ ላይ ቆማ፣ ኪኒኑ አልከዳህም፣ ከልክዬ ያስቆምኩት እኔ ነኝ አለችው። ባቢከር ትኩር ብሎ አያት። ምን እንደሚያስብ ከፊቱ ማንበብ አልቻለችም፤ እሱም አናደዳት። ገብቶ ኪኒኑን ይዞ ወጣ፤ ነገ በሚኒባስ እንሄዳለን፣ አንተም ትመጣለህ አላት። እንዴት ያለ ሰው ነው፣ ስድብ እንኳ ይነፍጋል፣ አለች በልቧ። በቀብሩ ዕዳ ላይ ይህ ተጨመረባት።

የክሊኒኩ ነርስ በኃይሉ የሚባል የጎጃም ልጅ ነው። እዚያ መመደቡን እንደ እስራት የሚቆጥር፣ በሽተኛ ሲገባ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነበር። የበኺታን አፍ ከፍቶ የጠቆረውን ድድ ሲያይ ግን ሰዓቱን ረሳው። ይህን የሠራው ማነው አለ። እኔ ነኝ አለች ትሩፋት። በኃይሉ ወደ ባቢከር ዞሮ፣ ልጅህን ለዚህች ሴትዮ ከምትሰጥ ለጅብ ብትሰጥ ይሻልህ ነበር አለው። ትሩፋት ንቀትን በሩቁ ትለየዋለች፤ ሙያዋ ነው። ይኸኛው በቂ ምክንያት ነበረው።

ከዚያ ነገሩን አስረዳቸው። ፌኒቶይን የሚባለው ይህ ኪኒን መውደቁን ይይዛል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ድድ ያሳድጋል። እርግማን አይደለም፣ ከሰውም አይጋባም። ልጅቷ ይደማል ብላ መፋቅ በመተዋ ብሶባታል፤ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ ብታጸዳው ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ትልቅ ከተማ ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ይቆርጡታል፤ ኪኒኑ ካልተለወጠ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ሌላ ዓይነት ኪኒን አለ፤ ሲመጣ ቀስ በቀስ ይቀየርላታል፤ መቼ እንደሚመጣ እሱም አያውቅም። እስከዚያ ይህንኑ ትዋጥ። በድንገት ማቆም ሊገድል ይችላል አለ። ይህን ሲል ትሩፋትን አላያትም፤ ማየት አላስፈለገውም።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ በኺታ ሻሿን አፏ ላይ እንዳሰረች፣ ኪኒኑን አልውጥም አለች።

"መውደቁ ይሻለኛል" አለች። "ስወድቅ አላውቀውም። ሲስቁብኝ ግን አውቀዋለሁ።"

ባቢከር በበርታ ቋንቋ ብዙ ነገር ተናገራት። ለመናት፣ ተቆጣት፣ መልሶ ለመናት። እሷ ሻሿን አጠበቀች። ኪኒን መዳፍ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በየቀኑ ጉሮሮ ድረስ ተከትሎ የሚያስገባ ግን የለም። አባትየው በመጨረሻ እጁን ጉልበቱ ላይ ጣለ። ትሩፋት በመስኮት እያየች የልጅቷን ቃል ታመላልሰው ነበር። የነቀሰቻት ቀን ለምን ዝም እንዳለች አሁን ገባት። ክልከላው ለልጅቷ እረፍት ነበር፤ ድዴ ይጎድልልኝ ይሆናል ብላ ነው። እንግዲህ ይህቺን ልጅ የሚገድላት መውደቁ አይደለም፣ ሳቂው ነው። ሳቂውን ደግሞ ትሩፋት ታውቀዋለች። አንድ በአንድ፣ ከነጥርሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ባቢከር ቤት ሄደች። በኺታ ገበያ ከተወች ቆይታለች፤ የቤቱን ለውዝ የምትሸጠው እናቷ ነበረች። ትሩፋት ቅርጫቱን አንስታ ልጅቷ ራስ ላይ አስቀመጠች። መንገድ ላይ ሻሹን ከአፏ አውርዳ አንገቷ ላይ አሰረችላት፤ እንደገና ወደ ላይ ከወጣ እቀደዋለሁ አለቻት። ገበያው መሐል፣ ከሽንኩርት ነጋዴዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ብዙ አልቆየም። ሸዋነሽ የምትባል፣ ከሽንኩርቷ ይልቅ ወሬዋ የሚሸጥላት ሴት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "እናንተ፣ ይቺ ልጅ ሌባ እንዳይሰርቃት ጥርሷን በድድ ለብጣዋለች" አለች። ረድፉ ሁሉ ሳቀ። የበኺታ እጅ ወደ አንገቷ ሄደ። ትሩፋት እጇን ያዘቻት።

"ሸዋነሽ" አለች ከተቀመጠችበት። "ያንቺን አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ እኔ ልንገራቸው?"

ሸዋነሽ ሳቋን ግማሽ ላይ አቆመችው።

"የላይኛው መንጋጋሽ በግራ በኩል ባዶ ነው። ሁለቱን በጣቴ ነው የለቀምኳቸው፤ ጉጠት እንኳ አላስፈለገኝም። የቀሩትም ይነቃነቃሉ። ሽታውን እጄን በአመድ ፈትጌ ነው ያስለቀቅኩት። ባልሽ ጀርባውን ሰጥቶሽ የሚተኛው ተቀይሞ ከመሰለሽ፣ አይደለም።"

ረድፉ አሁን በሸዋነሽ ሳቀ። ትሩፋት የሳቁትን ቆጥራ ወደ እነሱ ዞረች። ድምፅዋን አላነሳችም፤ የእህል ዋጋ የምትናገር ይመስል ነበር። ያቺ የወርቅ ጥርስ የምትለው ናስ መሆኑን ተናገረች። የዚያችኛዋ ድድ ቢጫ ትል የመሰለ መግል እንደሚያወጣ፣ ልጇን እየሳመች በየቀኑ እንደምታቀምሰው ተናገረች። ሌላዋ መርፌውን ስታይ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ እንደሸናችባት ነገረቻቸው። አንድ ጎልማሳ ሥጋ ሻጭ ለማድመጥ ቀረብ ሲል፣ አንተን ነቅሼ አላውቅም፣ ለአንተ ግን አፍህን ማየት አያስፈልግም፣ ነፋሱ ይበቃል አለችው። ያ ባለጫማ ሹም በዚያ በኩል ይመጣ ነበር፤ ትሩፋት ቀና ስትል መንገዱን ቀየረ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሽንኩርቱ ረድፍ ሴቶች በሙሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዋጋ ሲጠየቁ በጣታቸው ያሳያሉ። በዚያ መስመር አፏን ሳትሸፍን የተቀመጠች በኺታ ብቻ ነበረች። እነሱን አየች፣ ትሩፋትን አየች፣ ከዚያ ድዷ ሁሉ እስኪታይ ሳቀች።

"ግጠሚው" አለቻት ትሩፋት። "ዝንብ ይገባል። ይልቅ ኪኒንሽን ዋጪ።"

ዋጠች። ትሩፋት አፏን አስከፍታ ከምላሷ ሥር ሳይቀር ፈተሸች። ሰው አታምንም።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሊነቀስ የመጣ ሰው የለም። ምስጢር አታወጣም ብላ አፏን የሰጠቻት ሴት ሁሉ ፊቷን አዞረችባት። ሙሽሮቹ ሌላ ነቃሽ ፍለጋ ሩቅ ሄዱ፤ ያልሆነላቸውም ድዳቸው ሳይጠቁር ተዳሩ። ለቅሶ ቤት ስትገባ ጠጋ የሚልላት ጠፋ። ትሩፋት ይህን ሳትጀምረው ታውቀዋለች። ለሴቶቹ አላዘነችም፤ የሚያሳዝን ነገር አላየችባቸውም። የከበዳት ሌላ ነው። ከአያቷ ጀምሮ ያልፈረሰውን ያፈረሰች እሷ ነች፤ መርፌዎቹን ባየች ቁጥር ይህ ይመጣባታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከበኺታ ጎን አልጠፋችም። ትቀመጣለች፣ ለውዝ ትፈለፍላለች፣ አላፊ አግዳሚውን ታያለች። መጀመሪያ ሰው እሷን ፈርቶ ዝም አለ፤ ቆይቶ የልጅቷን አፍ ለመደው። ለውዟን ገዝቶ ይሄዳል። ድዷም በብሩሹ ጥቂት ጎደለ፣ የጥርሷ ጫፍ ብቅ አለ። ያማረ አልነበረም። ግን አልወደቀችም። የገና በዓል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ በኺታ መጥታ፣ እትዬ ትሩፋት ዛሬ ብቻዬን እሄዳለሁ አለቻት፤ ኪኒኗንም ሳትጠየቅ እፊቷ ዋጠች።

ባቢከር የመጣው በዚያ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ደጇ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠ። ትሩፋት መርፌዎቹ እንዳይዝጉ ዘይት ቀብታ በጨርቅ ትጠቀልል ነበር። እጇን አየና፣ ሰው ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቃት። አይመጣም አለችው። ከእንግዲህም? ከእንግዲህም።

"እኔ ያን ጊዜ፣ ባልህን ስቀብር፣ አንድ ቀን ሠራሁ" አለ ባቢከር። "ጠዋት ጀመርኩ፣ ቀትር ጨረስኩ። አንተ የሁሉንም ቀን ሥራህን ሰጠህ። የኔ ልጅ ቆሟል፣ ገበያ ሄዷል። ኻላስ፣ አለቀ። ከዛሬ አንተ ላይ የኔ ሐቅ የለም።"

ትሩፋት ይህን ቃል ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቃዋለች። ሲመጣ ምን እንደምትመልስ ብዙ ቀን አስባበታለች፤ ያሰበችው ሁሉ አሁን የሚረባ አልመስል አላት። ጨርቁን ሁለት ጊዜ ቋጠረች።

"ይህን ለማለት እስካሁን ቆየህ?" አለችው። "ተነስ በል። ልጅቷ ብቻዋን ነች፣ ሸዋነሽ ቦታዋን ትቀማታለች።"

ባቢከር ተነስቶ ወደ ገበያው ሄደ።